ንግሥት እሌኒ፤ የሐዲያ ልጅ፣ የነገሥታት እናት

መግቢያ



እሌኒ የሚለውን ስም ስንሰማ ሁላችንም ወዲያው የምናስበው የቆስጠንጢኖስን እናት፣ የጌታችንን መስቀል ያስወጣችውን ንግሥት ነው። ደመራ ስንደምር ስሟን እናነሣለን። መስከረም 21 ቀን ለግሸን ማርያም በዓል ወደ አምባሰል በእግራችን ስንጓዝም ታሪኳን ታላላቆቻችን በመንገድ ላይ ይነግሩናል። ነገር ግን በዚሁ ስም የሚጠሩ፣ ከሐዲያ ምድር የተገኙ፣ በስድስት የኢትዮጵያ ነገሥታት ዘመን በቤተ መንግሥት የኖሩ የራሳችን አገር ንግሥት እንደ ነበሩ ከመካከላችን የምናውቅ ጥቂቶች ነን።

በትምህርት ቤት የዓለም ታሪክ ስንማር ኮሎምቦስን ወደ ምዕራብ ስለ ላኩት ስለ እስፓኝ ንግሥት ስለ ኢሳቤላ እናነባለን። ኢሳቤላ በአውሮፓ ስማቸው ገንኖ በነበረበት በዚያው ዘመን በእኛም አገር አንዲት ንግሥት በምክራቸው መንግሥት ያጸኑ፣ ማዶ ለማዶ የማይተዋወቁ ሁለት መንግሥታትን በደብዳቤ ያገናኙ ነበር። ይህ ጽሑፍ የእኒያን እናት ሕይወት በአጭሩ ለማቅረብ የተዘጋጀ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ እንድትሉልን እንጠይቃለን።

ከሐዲያ ወደ ንጉሡ ሰፈር

እሌኒ የተወለዱት በአሥራ አምስተኛው መቶ ዘመን በሐዲያ አገር ነው። አባታቸው መሐመድ የሐዲያ ገራድ ነበሩ። ገራድ ማለት የአገሩ ገዥ የሚጠራበት ማዕርግ ነው። ሐዲያ በዚያ ዘመን ሹማምንቱ የእስልምናን ሃይማኖት የሚከተሉ፣ የንግድ መንገድ የሚያልፍበት፣ ፈረሰኛ ጦር ያለው ጠንካራ አገር ነበር። ከዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን ጀምሮ ለኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ይገብር ነበር። ሆኖም ግብሩ አንዳንድ ጊዜ በፈቃድ፣ አንዳንድ ጊዜም በጦር ኃይል የሚገኝ ነበር።

በዚያ ዘመን ሁለት መንግሥታት ሰላም ሲፈልጉ ከሚያደርጉት ነገር አንዱ ጋብቻ ነው። በአውሮፓም ቢሆን ልማዱ ይኸው ነበር። የእስፓኟ ኢሳቤላ ልጆቻቸውን ለፖርቱጋል፣ ለእንግሊዝና ለፍላንደርስ መሳፍንት ድረዋል። የገራድ መሐመድ ልጅም እንዲሁ ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተዳሩ። ተጠምቀው ክርስቲያን ሆኑ፤ ስማቸውም እሌኒ ተባለ። ልጅቱ ፈቅዳለች ወይ ብሎ የጠየቀ እንደ ነበር አይነገርም፤ የዘመኑ ልማድም ይህን አይጠይቅም። የተወለዱበትን ቤት፣ የአባታቸውን ሃይማኖትና የእናታቸውን ቋንቋ ትተው፣ እንግዳ በሆነ ሰፈር፣ እንግዳ በሆነ ሥርዐት መካከል ኑሮ ጀመሩ።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከ1434 እስከ 1468 የነገሡ፣ ብዙ የሃይማኖት መጻሕፍት የደረሱ፣ የቤተ ክርስቲያንን ሥርዐት ያጸኑ፣ በዚያው መጠን ደግሞ ቅጣታቸው የሚያስፈራ ንጉሥ ነበሩ። ጣዖት አምልከዋል ተብለው የተከሰሱትን የገዛ ልጆቻቸውን እንኳ አልማሩም። በእንዲህ ያለ ቤተ መንግሥት ከእስልምና ቤት የመጣች አንዲት ሙሽራ ምን ያህል ተጠንቅቃ መኖር እንደሚያስፈልጋት መገመት አያዳግትም።

ፈተናውም ሩቅ አልነበረም። ገራድ መሐመድ ካለፉ በኋላ በቦታቸው የተተካው ልጃቸው ማሂኮ ለንጉሡ አልገብርም ብሎ ሸፈተ። ማሂኮ የንግሥት እሌኒ ወንድም ነው። ንጉሡም የማሂኮን አጎት ባሞን አስጠርተው አማከሩ፤ ባሞም በወንድሙ ልጅ ላይ ተነሣ። ማሂኮ ሲሸሽ በንጉሡ ወታደሮች እጅ ተገደለ፤ የሐዲያ ሹመትም ለባሞ ተሰጠ። በአንድ በኩል ባላቸው፣ በሌላ በኩል ወንድማቸው ሆነው የተፋለሙበትን ይህን ጊዜ ንግሥቲቱ እንዴት እንዳሳለፉት ዜና መዋዕሉ አይተርክም። የምናውቀው አንድ ነገር ቢኖር በዚያ ሁሉ መካከል ከክብራቸው አለመውረዳቸውን ነው። የሰላም መያዣ ሆነው የተሰጡት ሴት ሰላሙ ሲፈርስ እንኳ አልፈረሱም።

እናት ያጣው ልዑል

በዚያው ቤተ መንግሥት አንድ ሌላ ኀዘን ደረሰ። የልዑል በእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳ ከንጉሡ ጋር ተጣልተው፣ በንጉሡ ትእዛዝ ተገርፈው በዚያው ሕመም ሞቱ። ልጁም እናቱን በድብቅ አለቀሰ። አባቱም በጥርጣሬ ዐይን ያዩት ነበርና እርሱም ቅጣት ቀምሷል።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1468 በደብረ ብርሃን ሲያርፉ በእደ ማርያም ነገሡ። ወጣቱ ንጉሥ ካደረጓቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ የእናታቸውን መታሰቢያ ማክበር ነበር። ቀጥለውም ንግሥት እሌኒን እንደ እናት ተቀበሏቸው፤ የቀኝ በዓልቲሐት የሚባለውንም ማዕርግ ሰጧቸው። በዓልቲሐት ማለት የቤተ መንግሥቱ እመቤት ማለት ሲሆን፣ የቀኝና የግራ ተብሎ የሚከፈል ትልቅ ማዕርግ ነው። የንጉሡ ሰፈር በድንኳን የሚተከል፣ ከአገር አገር የሚዘዋወር ከተማ ስለ ነበረ፣ የቀኝ በዓልቲሐት የራሷ ድንኳን፣ የራሷ አሽከሮችና የራሷ ርስት ነበራት።

የንጉሡ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ስለ እሌኒ ሲተርክ በሁለት ነገር ያመሰግናቸዋል። በእግዚአብሔር በኩል ሃይማኖታቸው የጸና፣ ጸሎት የማያቋርጡ፣ ቅዱስ ቁርባን የሚቀበሉ ናቸው ይላል። በዓለሙ በኩል ደግሞ የቤተ መንግሥቱን ማዕድ ሥርዐት፣ ሕጉንና የነገሥታቱን ወግ ጠንቅቀው የሚያውቁ መሆናቸውን ይናገራል። ወንድሞችና እኅቶች! ይህን ምስጋና ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ሥርዐቱን በእናታቸው ጭን ሳይማሩት፣ በኋላ በተወለዱበት ቤት ካደጉት ይልቅ አዋቂ ሆነው የተገኙት ከሌላ ሃይማኖትና ከሌላ ቋንቋ የመጡት ሴት ናቸው።

ንግሥት እሌኒ ለዙፋን የሚበቃ ልጅ አልነበራቸውም። በዚያ ዘመን ወራሽ ያልወለደች ንግሥት ባሏ ሲሞት ክብሯም አብሮ የሚያልፍ ነበር። የእሌኒ ክብር ግን አላለፈም። የሌላይቱን ሴት ልጅ እንደ ልጃቸው ይዘው፣ ልጁም እንደ እናቱ ይዟቸው፣ ሁለቱም በየራሳቸው ኀዘን ላይ አዲስ ዝምድና ሠሩ።

የምክር ወንበር

ዐፄ በእደ ማርያም ዐሥር ዓመት ነግሠው በ1478 ዐረፉ። ልጃቸው እስክንድር ሕፃን ስለ ነበሩ መንግሥቱን እናታቸው ንግሥት ሮምናና ዐምደ ሚካኤል የሚባሉ ታላቅ መኰንን ከሌሎች ጋር ሆነው ያስተዳድሩ ጀመር። በዚህ ጊዜ ንግሥት እሌኒ ፊት ለፊት አይታዩም። ኋላ ዐምደ ሚካኤል ከሥልጣን ሲወድቁ ግን ወደ ምክሩ ተመለሱ። ሲገለሉ አልሸፈቱም፤ ሲጠሩም አላንገራገሩም።

ዐፄ እስክንድር በ1494 ሲሞቱ መኳንንቱ ለሁለት ተከፈሉ። ከፊሉ የእስክንድርን ሕፃን ልጅ ዐምደ ጽዮንን አነገሠ፤ እርሱም ከጥቂት ወራት በኋላ ሞተ። ከዚያም የበእደ ማርያም ልጅ ናዖድ ነገሡ። ዐፄ ናዖድ እስከ 1508 ገዝተው ሲያርፉ ልጃቸው ልብነ ድንግል ዕድሜያቸው ገና ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ነበር። ስለዚህ ለሦስተኛ ጊዜ ዙፋኑ በልጅ እጅ ወደቀ።

አሁን ግን የመንግሥቱን ልጓም የያዙት ንግሥት እሌኒ ሆኑ። ከንጉሡ እናት ከናዖድ ሞገሳና ከጳጳሱ ከአቡነ ማርቆስ ጋር እየተመካከሩ ንጉሡ እስኪጎለምሱ ድረስ አገሩን አስተዳደሩ። ከጐጃም ሰፊ ግዛት የሚገኘው ገቢ የእርሳቸው ነበርና ሀብትም ሠራዊትም አልቸገራቸውም። ከሁሉ የሚበልጠው ሀብታቸው ግን ዕድሜያቸውና ያዩት ነገር ነበር። አልገብርም ያለ ገራድ ምን እንደሚገጥመው፣ የተከፋፈሉ መኳንንት አገርን እንዴት እንደሚያደሙ፣ የንግድ መንገድ ሲዘጋ ማን እንደሚራብ በዐይናቸው አይተዋል።

በምሥራቅ በኩል የአዳል መንግሥት ነበር። አዳልና የኢትዮጵያ መንግሥት በድንበር ይዋጉ እንጂ በገበያ የተሳሰሩ ነበሩ። የዘይላ ወደብ ለሁለቱም በር ነው። ንግሥት እሌኒ ከሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ጋር በተቻለ መጠን በሰላምና በንግድ መኖርን የመረጡ አስተዳዳሪ እንደ ነበሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማሙበታል። ይሁን እንጂ የሐረር አሚር ማሕፉዝ በየዓመቱ ክርስቲያኑ በዐቢይ ጾም በደከመበት ወራት እየገባ ይወርር ነበር። ከዚህም በላይ የሚያሳስብ ነገር በባሕሩ ላይ ይታይ ጀመር።

ወደ ፖርቱጋል የተላከው መልእክት

ቫስኮ ደ ጋማ በ1498 አፍሪካን ዞሮ ህንድ ከደረሰ በኋላ ፖርቱጋሎች የህንድን ውቅያኖስ በመርከብና በመድፍ ይዘውት ነበር። የምስር ሱልጣን በበኩሉ የቅመማ ቅመም ንግድ ከእጁ እንዳይወጣ መርከብ አሠርቶ ሊቋቋማቸው ሞከረ፤ ነገር ግን በ1509 ዲዩ በተባለው የህንድ ወደብ አጠገብ መርከቦቹ ድል ተደረጉ። ቀይ ባሕር የማን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ ተነሣ። የቀይ ባሕር ጉዳይ ደግሞ የኢትዮጵያ ጉዳይ ነው።

ንግሥት እሌኒ ስለ ፖርቱጋል የሚጠይቁት ሰው በቅርብ ነበራቸው። ፔሮ ደ ኮቪልያ የሚባል የፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ በዐፄ እስክንድር መጨረሻ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ ወደ አገሩ እንዳይመለስ ተከልክሎ፣ ርስት ተሰጥቶት ይኖር ነበር። በኋላም ሌሎች የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ ቤተ መንግሥቱ ደረሱ። ንግሥቲቱ ይህን ሁሉ አጣርተው ካዩ በኋላ ለንጉሥ ማኑኤል ደብዳቤ ጻፉ። ማቴዎስ የሚባለውንም አርመናዊ ነጋዴ መልእክተኛ አድርገው ላኩት።

በደብዳቤው ውስጥ ንግሥቲቱ የምስር ሱልጣን መርከብ እያሠራ መሆኑን ገልጸው፣ ኢትዮጵያ ሰውና ስንቅ እንዳላት፣ የባሕር ኃይል ግን እንደሌላት ሳይሸሽጉ ተናገሩ። እናንተ በባሕር፣ እኛ በየብስ ብንተባበር ሁላችንም እንጠቀማለን የሚል ነበር የሐሳባቸው ፍሬ። ሁለቱ ቤተ መንግሥታት ልጆቻቸውን እንዲያጋቡም ሐሳብ አቀረቡ። ከደብዳቤው ጋር ከጌታችን መስቀል ግማድ የተሠራ ትንሽ መስቀል ላኩ። መስቀሉን ባስወጣችው ንግሥት ስም የተጠሩት እናት መስቀልን የወዳጅነት ምልክት አድርገው መላካቸው የሚደነቅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር ይገባል። ደብዳቤው የሰላም ብቻ ደብዳቤ አይደለም፤ የጦርነት ቃልም አለበት። ከሙስሊም ቤት የተወለዱት፣ ከአዳልም ጋር በሰላም መኖርን የመረጡት ሴት ይህን መጻፋቸው እንዴት ነው ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ነገሩ ግን የሚጋጭ አይደለም። ንግሥቲቱ ሰላምን የሚወዱ ነበሩ፤ ሰላም በመውደድ ብቻ እንደማይጠበቅም ያውቁ ነበር። የባሕሩ በር በአንድ ኃይለኛ መንግሥት እጅ ከወደቀ ከአዳል ጋር ያለው ሚዛን እንደሚፈርስ ታይቷቸዋል። በእርግጥም በ1517 የቱርክ ሱልጣን ምስርን ያዘ፤ የቱርክ ጠመንጃም ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ መድረስ ጀመረ። ንግሥቲቱ የጻፉት ይህ ከመሆኑ ከሰባት ዓመት ያህል በፊት ነው።

የማቴዎስ ጉዞ መከራ የበዛበት ነበር። በ1512 መጨረሻ ጎዓ ደረሰ። አልፎንሶ ደ አልቡከርክ በክብር ቢቀበሉትም ሌሎች የፖርቱጋል ሹማምንት ሰላይ ነው ብለው ጠረጠሩት፤ ወደ አውሮፓ በተሳፈረበትም መርከብ ላይ አንገላቱት። በ1514 መጀመሪያ ሊዝቦን ሲደርስ ግን ንጉሥ ማኑኤል ደብዳቤውንና መስቀሉን በታላቅ አክብሮት ተቀበሉ።

ያን ጊዜ በሊዝቦን ቤተ መንግሥት የነበሩትን ሴቶች ማሰብ መልካም ነው። የማኑኤል ሚስት ንግሥት ማርያ የእስፓኟ የኢሳቤላ ልጅ ነበሩ። ማርያ እንደ እሌኒ ሁሉ ለሁለት መንግሥታት ሰላም ሲባል የተዳሩ ናቸው። የማኑኤል እኅት አሮጊቷ ንግሥት ሌዎኖር ደግሞ አንድ ልጃቸው በ1491 ከፈረስ ወድቆ የሞተባቸው ናቸው። እኒህ ሴት ሀብታቸውን ለድሆች ሰጡ፤ ፍል ውኃ ባለበት ስፍራ ሆስፒታል አሠሩ፤ በ1498ም በሊዝቦን ድሆችንና እስረኞችን የሚረዳ የምሕረት ማኅበር አቋቋሙ። ንግሥት እሌኒና ንግሥት ሌዎኖር ሳይተያዩ ኖሩ፤ ግን ወራሽ የሌላት ንግሥት ለብዙዎች እናት ልትሆን እንደምትችል ሁለቱም በሥራቸው አሳዩ።

ኢሳቤላን ከእሌኒ ጋር ስናስተያይ ደግሞ ልዩነቱ ይታያል። ኢሳቤላ በራሳቸው መብት የነገሡ፣ ከእሌኒ የሚበልጥ ሥልጣን የነበራቸው ንግሥት ናቸው። በ1492 የግራናዳን እስላማዊ መንግሥት ድል አድርገው፣ በዚያው ዓመት አይሁድን ከአገራቸው አስወጡ፤ በ1502 ደግሞ የካስቲልያ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ወይም አገር ለቀው እንዲወጡ ታዘዘ። እሌኒ ግን ዘውድ አልጫኑም፤ በምክር ብቻ ያስተዳድሩ ነበር። ከሌላ ሃይማኖት ሕዝብ ጋር በአንድ ገበያ መኖር እንደሚቻል ግን ከትውልዳቸው ጀምሮ ያውቁ ነበር።

ዘግይቶ የመጣ መልስ

ንጉሥ ማኑኤል በ1515 ዱዋርቴ ጋልቫዎ የሚባሉ ሽማግሌ አምባሳደር ከማቴዎስ ጋር ላኩ። እኒህም ሽማግሌ በ1517 በቀይ ባሕር በካማራን ደሴት ሞቱ። በእርሳቸው ቦታ ሮድሪጎ ደ ሊማ ተተክቶ መልእክተኞቹ ምጽዋ የደረሱት በሚያዝያ 1520 ነው። ምስኪኑ ማቴዎስ ዐሥር ዓመት ያህል ባሕርና የብስ ተንከራትቶ፣ የተላከበትን አድርሶ ሲመለስ፣ ወደ ንግሥቲቱ ሳይደርስ በደብረ ቢዘን አካባቢ ዐረፈ።

መልእክተኞቹ ከትግራይ ተነሥተው ወደ ንጉሡ ሰፈር ሲወርዱ ያለፉት በእኛው አገር ነው። ከእነርሱ ጋር የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዛሬው ሰሜን ወሎ የነበረውን የአንጎትን ግዛት፣ ገበያውንና አዝመራውን በመጽሐፉ ጽፏል። ዛሬ ከሲሪንቃ ተነሥተን በመርሳ፣ በውርጌሳና በውጫሌ አድርገን የምንደርስበትን የሐይቅን ውኃ፣ የቅዱስ እስጢፋኖስን ገዳምና በሐይቁ ውስጥ የነበሩትን ጉማሬዎች ሳይቀር ገልጿል። አንዲት እናት በጻፉት ደብዳቤ ምክንያት የመጡ ሰዎች በአያቶቻችን ደጃፍ አልፈዋል ማለት ነው።

ነገር ግን መልሱ ሲመጣ ጠያቂዋ በምክር ወንበር ላይ አልነበሩም። ዐፄ ልብነ ድንግል ጎልምሰው በራሳቸው መግዛት ጀምረዋል። አሚር ማሕፉዝን በ1510ዎቹ ዓመታት ድል አድርገው ገድለዋል። ድል የጨበጠ ወጣት ደግሞ ረዳት የሚያስፈልገው አይመስለውም። መልእክተኞቹ ስድስት ዓመት ያህል ከሰፈር ወደ ሰፈር ሲከተሏቸው ኖረው፣ አገሩን የሚጠብቅ አንድ ቁርጥ ያለ ስምምነት ሳይጨበጥ በ1526 ተመለሱ።

ዕረፍታቸውና ከእርሳቸው በኋላ የሆነው

ንግሥት እሌኒ በ1522 ገደማ በሸመገለ ዕድሜ ዐረፉ። አልቫሬዝ በዚያ ጊዜ በአገሩ ስለ ነበረ የሕዝቡን ኀዘን መዝግቧል። ታላቁም ታናሹም የሁላችን እናትና አባት ሞቱብን፣ በእርሳቸው ሕይወት ሁላችን ተጠብቀን ነበር እያለ ያለቅስ እንደ ነበር ያስረዳል። ከሐዲያ በመያዣነት የመጣችው ልጅ በመጨረሻ የተቀበረችው የአገሩ ሁሉ እናት ተብላ ነው።

በሕይወታቸው ሳሉ በጐጃም በእነብሴ የመርጡለ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን እጅግ አሳምረው አሠርተው ነበር። ከዐፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ከጸጋ ዘአብ ጋር በፖርቱጋል የተገናኘው ዳሚያዎ ደ ጎይሽ የተባለ ጸሐፊ ደግሞ ንግሥቲቱ ሁለት የምስጋና መጻሕፍት እንደ ደረሱ ጽፏል። እንግዲህ በቅኔ ማሕሌትም በኩል ድርሻ ነበራቸው ማለት ነው።

ከእርሳቸው ዕረፍት በኋላ ሰባት ዓመት ሳይሞላ የፈሩት ደረሰ። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በ1529 በሽምብራ ቁሬ የንጉሡን ሠራዊት ድል አደረጉ። በ1531 ጦርነቱ ወደ እኛ አገር ገባ። መካነ ሥላሴ ተቃጠለች፤ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም ሀብቱን አጣ። መርጡለ ማርያምም ከመከራው አላመለጠችም። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአምባ ወደ አምባ ሲሰደዱ ኖረው በ1540 በደብረ ዳሞ ዐረፉ። በመከራ ጊዜ የፖርቱጋልን እርዳታ ለመኑ፤ እርሳቸው ግን ሳያዩት ሞቱ። በ1541 ክሪስቶቫዎ ደ ጋማ አራት መቶ ያህል ጠመንጃ የያዙ ወታደሮች ይዞ ምጽዋ ላይ ወረደ። በ1543 በወይና ደጋ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ጦርነቱ ተፈጸመ።

ንግሥት እሌኒ በሰላም ጊዜ በእኩልነት ሊያገኙት የጻፉለትን ወዳጅነት፣ አገሩ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በልመና አገኘው። በመካከሉ የጠፋውን ሕይወት፣ የተቃጠለውን መጽሐፍ፣ የፈረሰውን መቅደስና በሁለቱም ሃይማኖት ወገን ያለቀውን ሕዝብ ማን ይቆጥረዋል!

ከሕይወታቸው ምን እንማራለን?

ወንድሞችና እኅቶች! የእኒህን እናት ሕይወት ከብዙዎች ይልቅ የወሎ ልጅ በቀላሉ ሊረዳው ይችላል። በእኛ አገር በአንድ ቤት ክርስቲያንና ሙስሊም ወንድማማቾች አሉ። አያቱ ሼህ፣ የልጅ ልጁ ዲያቆን የሆነ ቤተሰብ አይጠፋም። በሠርግም በለቅሶም አብረን እንቀመጣለን። እንግዲያው ከሌላ ወገን ወደ ማኅበራችን የሚመጣውን ሰው ከየት መጣህ ብለን በጥርጣሬ ዐይን ማየት አይገባንም። ዐፄ በእደ ማርያም ከሐዲያ የመጡትን ሴት እናቴ ባይሏቸው ኖሮ አገሩ ምን ያህል ምክር ባጣ ነበር!

ሁለተኛው ትምህርት ለእኅቶቻችን ነው። ብዙ ጊዜ በስብሰባችን ላይ እኅቶች ዳቦ ለመድፋትና ጠላ ለመጥመቅ እንጂ ለምክር አይጠሩም። ንግሥት እሌኒ የማዕዱን ሥርዐት ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ ይህም ለክብራቸው ተጽፎላቸዋል። ነገር ግን በዚያው እጃቸው የመንግሥት ደብዳቤ ጽፈዋል። አንዱ ሌላውን አላስቀረባቸውም።

ሦስተኛው ለሁላችንም፣ ይልቁንም ለእኛ ለወጣቶች የሚሆን ነው። ወጣቱ ንጉሥ አንድ ድል ሲያገኙ የሽማግሌዋን ምክር የማያስፈልግ አደረጉት። እኛም አንድ ፈተና ስናልፍ፣ አንድ ክፍል ከፍ ስንል የእናቶቻችን ምክር ያረጀ ይመስለናል። ምክር ግን እንደ ዘር ነው። በጊዜው ያልተዘራ በክረምቱ ማብቂያ ቢበትኑት አያፈራም።

ስለዚህ ከእንግዲህ በደመራ በዓል የእሌኒን ስም ስናነሣ፣ መስቀሉን ካስወጣችው ንግሥት ቀጥለን፣ ያንኑ መስቀል የወዳጅነት ምልክት አድርገው ባሕር ያሻገሩትን የራሳችንን እሌኒም እናስባቸው። ታሪካቸውንም ለታናናሾቻችን እንንገር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።